አረንጓዴው መብራትና የተሠረዘው አምስት ዶላር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ስለ አንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ መጽሐፍ እንድንናገር ሲፈቀድልን፣ ከመካከላችሁ «ለበዓል ቀን ሌላ ርእስ ጠፍቶ ነውን?» የሚል እንደማይታጣ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ እንዲህ ባለው ቀን ስለ ትጋት፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ተስፋ መናገሩ የተለመደ ነውና። እኛ የመረጥነው መጽሐፍም የሚናገረው ስለዚሁ ስለ ትጋትና ስለ ተስፋ ነው፤ ልዩነቱ ተስፋው ሲከሽፍ ማሳየቱ ብቻ ነው። በክፍላችን መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ከተነበበ በኋላ ብዙ ቀን ተከራክረንበታል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላለቀም። እናንተም ከክርክሩ እንድትካፈሉ በማሰብ ነው የተነሣነው።

መጽሐፉ «ታላቁ ጋትስቢ» ይባላል። ደራሲው ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1896 ዓ.ም. በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ተወለደ። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።) መጽሐፉ በአፕሪል 1925 ዓ.ም. ሲወጣ መጀመሪያ ከ20,000 ጥቂት የሚበልጥ፣ ቀጥሎም 3,000 ያህል ቅጂ ታተመ። ደራሲው ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ያምን ነበር፤ ገበያው ግን አልተቀበለውም። በዲሴምበር 1940 ዓ.ም. በ44 ዓመቱ ሲሞት፣ ከሁለተኛው እትም ያልተሸጡ ቅጂዎች ገና በአሳታሚው መጋዘን ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ከ150,000 የሚበልጡ ትንንሽ ቅጂዎች ታትመው ለአሜሪካ ወታደሮች ታደሉ፤ ከዚያም ወዲህ መጽሐፉ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚነበብ ሆነ። ስለ ከሸፈ ሕልም የጻፈ ሰው ሕልሙ ሲፈጸም ለማየት አለመታደሉ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ታሪኩን ላላነበባችሁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ጊዜው 1922 ዓ.ም. ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት አልቆ፣ ኒው ዮርክ በገንዘብ የሰከረችበት ዘመን ነው። የሚያሰክር መጠጥ መሸጥ ግን ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ በሕግ የተከለከለ ነበር። ጄይ ጋትስቢ የሚባል ወጣት ባለጠጋ በሎንግ አይላንድ ዳርቻ፣ ደራሲው ዌስት ኤግ ብሎ በሰየመው ሥፍራ፣ እንደ ቤተ መንግሥት ያለ ቤት ይዞ በየሳምንቱ መጨረሻ ታላቅ ግብዣ ያደርጋል። እንግዶቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሳይጠሩ የሚመጡ ናቸው። እየበሉና እየጠጡ ባለቤቱን ያሙታል፤ አንዱ ሰው ገድሏል ይለዋል፣ ሌላው የጀርመን ሰላይ ነው ይላል። እሱ ግን አይጠጣም፤ ብቻውን ቆሞ ይመለከታል። ይህን ሁሉ የሚተርክልን ከግቢው አጠገብ ትንሽ ቤት በወር 80 ዶላር የተከራየው ኒክ ካራዌይ ነው።

ጋትስቢ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ስለ አንዲት ሴት ነው። በ1917 ዓ.ም. ድሀ መኮንን ሳለ በሉዊቪል ከተማ ዴዚ የምትባል የባለጠጋ ልጅ ወድዶ ነበር። እሱ ወደ ጦርነት ሄደ፤ እሷም በ1919 ዓ.ም. ቶም ቡካናን የሚባለውን ከበርቴ አገባች። ጋትስቢ መጠጥ በስውር ከሚነግዱ ሰዎች ጋር ሆኖ ሀብት ካከማቸ በኋላ ቤቱን የገዛው ከዴዚ ቤት ፊት ለፊት ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የባሕር ወሽመጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አረንጓዴው መብራት እንምጣ። በዴዚ ቤት በኩል በታንኳ መቆሚያው ጫፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አንድ አረንጓዴ መብራት አለ። ኒክ ጋትስቢን መጀመሪያ ያየው በጨለማ ብቻውን ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ውኃው ዘርግቶ ሲንቀጠቀጥ ነው። ኒክ የሚያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቢመለከት ከዚያች ትንሽ መብራት በቀር ምንም አላገኘም።

እኛ ቅኔ ባንቆጥርም ሰምና ወርቅ የሚባለውን ነገር ከአማርኛ መምህራችን ተምረናል። ስለዚህ ስናነብ ወዲያው «ሰሙ መብራቱ ነው፤ ወርቁ ዴዚ ናት» አልን። ትርጓሜው በዚሁ ያለቀ መስሎን ነበር። ነገር ግን ወደ መካከሉ ስንደርስ አንድ ያልጠበቅነው ነገር አጋጠመን። ዴዚ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ጋትስቢ ቤት መጣች። ሁለቱም በመስኮቱ አጠገብ ቆመው ወደ ባሕሩ ይመለከታሉ፤ ዝናብ ስለ ነበረ ማዶው በጉም ተሸፍኗል። እሱም ስለ መብራቷ ነገራት፤ እሷም ክንዷን በክንዱ አስገባች። በዚያች ሰዓት ሕልሙ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። ደራሲው ግን እዚያው ላይ፣ ደስታው ሞልቶ ሳለ፣ መብራቷ ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛውም የታንኳ መቆሚያ መብራት እንደ ሆነች በለሰለሰ አነጋገር ይነግረናል።

በቅኔ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ቀልጦ ይወርዳል። በዚህ መጽሐፍ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወርቁ ቀልጦ ሰሙ ይቀራል። የፈለጋት ሴት አጠገቡ ስትቆም፣ አምስት ዓመት ሙሉ የተመለከታት መብራት አምፑል ብቻ ሆና ቀረች። እንግዲህ ሕልሙ መክሸፍ የጀመረው ጋትስቢ ሲሸነፍ አልነበረም፤ ያሸነፈ በመሰለው ቀን ነው። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብበን ነው የተረዳነው፤ መጀመሪያ እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ቸኩለን አልፈነው ነበር።

ሌላው ምልክት የአመዱ ሸለቆ ነው። ከባለጠጎቹ መንደር ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ ሰው አመድ በተከመረበት ምድር ማለፍ አለበት። ይህ ደራሲው በሐሳቡ ብቻ የፈጠረው አይደለም። በዚያን ጊዜ በኲንስ ወረዳ፣ ኮሮና በሚባለው ሠፈር አቅራቢያ፣ የከሰል ምድጃ አመድ እየተጫነ የሚደፋበት ሰፊ ቦታ በእውነት ነበር። ደራሲው ከ1922 መጨረሻ እስከ 1924 ዓ.ም. ግሬት ኔክ በሚባለው የሎንግ አይላንድ ከተማ ተቀምጦ ስለ ነበረ አካባቢውን ያውቀዋል። በኋላ አመዱ ተነሥቶ በ1939 ዓ.ም. የዓለም ኤግዚቢሽን ተደረገበት፤ ዛሬም ፍላሺንግ ሜዶስ የሚባለው መናፈሻ እዚያው ነው፤ ታላቁ የአሜሪካ የቴኒስ ውድድር የሚደረገውም በዚሁ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አመዱ እንዳለ ነው፤ በውስጡም ጆርጅ ዊልሰን የሚባል ድሀ ጋራዥ ከፍቶ ይኖራል። ሚስቱን መርትልን ቶም ቡካናን በስውር ይወዳጃታል። በባለጠጎቹ ግብዣ ያለው ብርሃን ሁሉ ነድዶ አመዱ የሚወድቀው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

በዚህ ሸለቆ ላይ ሁለት ታላላቅ ሰማያዊ ዓይኖች ይመለከታሉ። ፊት የላቸውም፤ ቢጫ መነጽር ብቻ አላቸው። አንድ ኤክልበርግ የሚባል የዓይን ሐኪም ደንበኛ ለመሳብ ያሠራው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ሥፍራውን ለቅቆ ስለ ሄደ ቀለሙ በፀሐይና በዝናብ ደብዝዟል። በክፍላችን ክርክሩ የከረረው በዚህ ላይ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ አባቱ ወንጌላዊ የሆነው፣ «ዓይኖቹ የእግዚአብሔር ዓይኖች ናቸው፤ ደራሲው ኃጢአት ሁሉ እንደሚታይ ሊያስተምር ፈልጎ ነው» አለ። ብዙዎቻችንም በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን ይህ ትርጓሜ ደስ አሰኝቶን ነበር። ሌላይቱ ግን ተነሥታ «እንዲህ የሚለው በመጽሐፉ ውስጥ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄዋ መልካም ጥያቄ ነበር። ወደ መጽሐፉ ተመልሰን ብንፈልግ፣ ዓይኖቹን የእግዚአብሔር ናቸው ያለ አንድ ሰው ብቻ አገኘን፤ እሱም ሚስቱ በመኪና ተገጭታ የሞተችበት፣ በኀዘን አእምሮው የታወከው ዊልሰን ነው። አጠገቡ ሆኖ ሲያጽናናው ያደረው ሚካኤሊስ የሚባለው የግሪክ ወጣት ደግሞ ማስታወቂያ መሆኑን ወዲያው ነግሮታል። ይኸው ሚካኤሊስ በዚያች ሌሊት «የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን አለህን? ቄስ ልጥራልህን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ዊልሰን የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል እንዳልሆነ መለሰለት። ይህች ትንሽ ንግግር ናት፤ በችኰላ የሚያነብ ይዘላታል። እኛ ግን የዓይኖቹ ፍች በእርሷ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ደራሲው እግዚአብሔር በሰሌዳው ላይ አለ አላለም። ባዶ በቀረው ሥፍራ የነጋዴ ማስታወቂያ እንደ ተሰቀለና፣ የተጨነቀ ሰው ሌላ ቀና ብሎ የሚያየው ሲያጣ ለእርሱ እንደ ሰገደለት ግን አሳየን። ጋትስቢም መብራቱን፣ ዊልሰንም ሰሌዳውን፤ ሁለቱም ሰው የሠራውን ነገር ከልኩ በላይ አድርገው ተመለከቱት። በኦሪት ስለ ጣዖት የተጻፈውን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ባልተቸገርን ነበር።

ስለ ሸሚዞቹ፣ ስለ መጻሕፍቱና ስለ ሰዓቱ ብዙ አንናገርም። ጋትስቢ ከውጭ አገር የመጡ ሸሚዞቹን እየወረወረ በፊቷ ሲከምር ዴዚ ማልቀሷን፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት መጻሕፍት እውነተኞች ሆነው ሳለ ገጾቻቸው ገና ያልተቀደዱ፣ ማለትም ማንም ያላነበባቸው መሆናቸውን መጥቀስ ይበቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለቤተ መጻሕፍታችን ደንበኞች ትንሽ የሚያሳፍር ነው። ሰዓቱ ደግሞ ዴዚን እንደገና ባገኘ ዕለት በራሱ ነክቶት ሊወድቅ ሲል በእጁ የያዘው የቆመ ሰዓት ነው፤ ትርጉሙን ለእናንተ እንተወዋለን።

በብዙ ሰዎች ዘንድ የማይጠቀሰውና እኛን እንቅልፍ የነሣን ምልክት ግን ሌላ ነው። ጋትስቢ ከሞተ በኋላ ሄንሪ ጋትዝ የሚባሉ አረጋዊ ከሚኒሶታ መጡ። የሟቹ አባት ናቸው። ልጃቸው የተወለደው ጄምስ ጋትዝ ተብሎ በሰሜን ዳኮታ ከድሀ ገበሬዎች ቤት ነው፤ ስሙን የለወጠው በ17 ዓመቱ ነበር። አባትየው ልጃቸው በልጅነቱ ያነበው የነበረውን አንድ ያረጀ የካውቦይ ታሪክ መጽሐፍ ይዘው መጥተዋል። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በልጅ እጅ የተጻፈ ፕሮግራም አለ፤ ቀኑም ሴፕቴምበር 12 ቀን 1906 ዓ.ም. ይላል። (የጠቀሰው የካውቦይ መጽሐፍ በእውነቱ የታተመው በ1910 ዓ.ም. ነው። ፊትዝጄራልድ ይህን ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ ቢሠራው ከመምህራችን እጅ ባላመለጠ ነበር።)

ፕሮግራሙ ምን ይላል? ከጧቱ ስድስት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከመኝታ መነሣት፤ ቀጥሎ የሰውነት ማጠንከሪያ፤ ከዚያ ስለ ኤሌክትሪክ ማጥናት፤ ከዚያ ሥራ፤ ማታ የንግግር ልምምድ፤ በመጨረሻም ለሰው ስለሚያስፈልጉ ፈጠራዎች ማጥናት። ከታች ደግሞ ውሳኔዎች ተጽፈዋል፤ ጊዜ አለማባከን፣ ትንባሆ መተው፣ በየሳምንቱ አንድ ጠቃሚ መጽሐፍ ማንበብ፣ ለወላጆች ይበልጥ ደግ መሆን። በሳምንት የሚቆጠበውን ገንዘብ በሚመለከት መጀመሪያ አምስት ዶላር ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ አምስቱ ተሠርዞ ሦስት ተብሏል።

ይህን ስናነብ በክፍላችን ጸጥታ ሆነ። ከእኛ መካከል በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ይህን የመሰለ ፕሮግራም የሌለው ማን አለ? መምህራኖቻችንም የሚያዙን፣ ወላጆቻችንም የሚመክሩን ይህንኑ ነው። ታዲያ ይህን የጻፈ ልጅ እንዴት የሕገ ወጥ መጠጥ ነጋዴ ሆኖ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ? አንዳንዶቻችን ደራሲው በትጋት ላይ እየቀለደ ነው ብለን ተቈጣን። ሌሎቻችንም ዓለም የድሀ ልጅን ትጋት እንደማትቀበል ሊያሳይ ፈልጎ ነው አልን። ሁለተኛው አነጋገር እውነት አለበት፤ የእነ ቶም ቡካናን ዓይነት ሰዎች ጋትስቢን ከእነርሱ እንደ አንዱ ከቶ አልቈጠሩትምና።

እኛ ግን ዓይናችን የቀረው በተሠረዘው አምስት ላይ ነው። ያ ልጅ መጀመሪያ አምስት ዶላር እቆጥባለሁ ብሎ ተመኘ፤ ቀጥሎ ኪሱን ተመለከተ፤ ከዚያም እርሳሱን አንሥቶ ሠረዘና ሦስት አደረገው። ምኞቱን ከእውነቱ ጋር አስተያይቶ ማረም ይችል ነበር ማለት ነው። ሦስት ማድረጉ ሕልሙን መተው አይደለም፤ ቁጠባው እንዳለ ነው። በመጽሐፉ ሙሉ ጋትስቢ ሕልሙን ሲያርም የምናየው ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ልጅ ነበር።

ካደገ በኋላ የሚሠርዘው ሌላ ነገር ሆነ። በበጋው ሞቃት ቀን በኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ውስጥ፣ ዴዚ ባሏን ፈጽሞ ወድዳው እንደማታውቅ ለባሏ እንድትነግረው ግድ ይላታል። ጋትስቢ ሊሠርዝ የፈለገው የራሱን አምስት ዶላር አይደለም፤ የሌላ ሰው አምስት ዓመት ነው። ያለፈው ጊዜ ተመልሶ እንደሚመጣ በእውነት ያምን ነበር። እርሷም ለማለት ሞክራ አልሆነላትም፤ እሱንም ባሏንም ወድዳ እንደ ነበር ተናገረች። የሦስት ዓመት ሴት ልጅም አለቻት። ጋትስቢ ሕፃኗን ባየ ጊዜ መኖሯን ከዚያ በፊት ያመነ እንዳልመሰለ ኒክ ልብ ብሎ ተመልክቷል። ሕፃን ልጅ በእርሳስ አትሠረዝም።

የቀረው በፍጥነት ይፈጸማል። ማታ ሲመለሱ የጋትስቢን ቢጫ መኪና ትነዳ የነበረችው ዴዚ መርትልን ገጭታ ገደለች፤ ጋትስቢም ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊወስድ ቆረጠ። ቶም የመኪናውን ባለቤት ስም ለዊልሰን ነገረው፤ ዊልሰንም ጋትስቢን ገድሎ ራሱን ገደለ። በዚያች የመጨረሻ ቀን ጋትስቢ የዴዚን ስልክ ይጠብቅ ነበር። ስልኩ አልተደወለም። ያን ጊዜ ሕልሙ እንደ ከሸፈ አውቆ ይሆን? ኒክ ምናልባት አውቆ ይሆናል ብሎ ይገምታል እንጂ እርግጡን አይናገርም። ደራሲው ይህን መዝጋቱ ትክክል ይመስለናል፤ ሰው ከሕልሙ ሲነቃ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት መብታችን አይደለም።

ወደ ግብዣው በመቶ ይጎርፉ ከነበሩት መካከል ለቀብሩ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቤተ መጻሕፍቱ ባልተነበቡት መጻሕፍት ይደነቅ የነበረው ባለ መነጽሩ ሰው። ከእርሱ በቀር ኒክ፣ ጥቂት አሽከሮች፣ ፖስተኛው፣ ከፍላሺንግ የመጣው የሉተራን ቄስና አባትየው ነበሩ። ዴዚ አበባ እንኳ አልላከችም።

«ታላቁ» የሚለው ቅጽል ለእርሱ ይገባዋልን? በክፍላችን ድምፅ ብንሰጥ እኩል ለእኩል ተከፈልን። የካዱት ወገኖች ገንዘቡ የተገኘበትን መንገድ ይጠቅሳሉ፤ ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም። የደገፉት ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከራሱ ውጭ ለሆነ ነገር የኖረ እርሱ ብቻ መሆኑን ይናገራሉ። ንግግሩን ያዘጋጀነው እኛ ራሳችንም ተከፋፍለናል። ወላጆች ስላላችሁ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ ከልጅነቱ ውሳኔዎች መካከል ለወላጆች ደግ መሆን የሚለውን ጋትስቢ ፈጽሞታል። ከመሞቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ሄዶ አባቱን ጠይቋቸዋል፤ የሚኖሩበትንም ቤት ገዝቶላቸዋል። በሌሎቹ ውሳኔዎች መፈጸም ላይ ክርክር ቢኖርም በዚህ ላይ የለም።

አባትየው ሬሳው ባለበት ቤት ተቀምጠው ያንን ፕሮግራም ለኒክ አንድ በአንድ አነበቡለት። መጽሐፉን ለመዝጋት አልፈለጉም፤ እያንዳንዱን ነገር ካነበቡ በኋላ ቀና እያሉ ያዩት ነበር። ኒክም ለራሱ እንዲጠቅመው ይገለብጠዋል ብለው የጠበቁ መሰለው። እሱ አልገለበጠውም። እኛ ግን መጽሐፉን በጨረስን ማግሥት ከጓደኞቻችን አንዱ ማልዶ መጥቶ ፕሮግራሙን እንዳለ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ገልብጦት አገኘነው፤ አምስቱንም ጽፎ፣ አምስቱንም ሠርዞ። መምህራችን ገብተው አነበቡት፤ የዕለቱንም ትምህርት የጻፉት በቀረው ቦታ ላይ ነው።